ከዳገት ወደ ኩርባ፦ የኤሌክትሮን ኢነርጂ መለያ ታሪክና የስያሜው ጥያቄ

መግቢያ

የሳይንስ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚው አስቀድሞ የሚመረምረው አብዛኛውን ጊዜ የቃሉን ሥር ነው። ቃሉ ከግሪክ ወይም ከላቲን መምጣቱን ያረጋግጣል፤ ክፍሎቹን ይፈታል፤ ከዚያም ለየክፍሉ የአማርኛ ወይም የግዕዝ አቻ ይፈልጋል። ይህ መንገድ ብዙ ጠቃሚ ቃላትን አስገኝቶልናል። ሆኖም የቃሉ ሥርና ቃሉ የሚሰየመው ነገር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ስያሜው ነገሩ በሚገባ ከመታወቁ በፊት የተሰጠ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ለሌላ ነገር ወጥቶ ኋላ የተዛወረ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሥሩን ብቻ ተከትሎ የሚተረጉም ሰው የሰዋስው ስሕተት ሳይሠራ የፊዚክስ ስሕተት ይሠራል።

በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጉዳይ በአንድ መሣሪያ ታሪክ አማካይነት ለማሳየት እንሞክራለን። መሣሪያው ኤሌክትሮኖችን በሁለት ሲሊንደሮች መካከል አሳልፎ እንደየኢነርጂያቸው የሚለያቸው ነው። በውጭ ቋንቋዎች ስያሜው ከሦስትና ከአራት ቃላት የተገጣጠመ ሲሆን እያንዳንዱ ቃል የየራሱ ታሪክ አለው። ስለሆነም በመጀመሪያ የቃላቱን አመጣጥ፣ ቀጥሎ ኤሌክትሮኑ በመሣሪያው ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ፣ በመጨረሻም ከዚህ ለአማርኛ የሚገኘውን ትምህርት እንመለከታለን።

1. ከነገሩ የቀደሙ ስሞች

እ.ኤ.አ. በ1834 ማይክል ፋራዴይ ስለ ኤሌክትሪክ ያደረጋቸውን ምርምሮች ለመጻፍ ሲነሣ በእጁ የነበሩት ቃላት አልበቁትም። የነበሩት ቃላት ገና ያልተረጋገጠ ሐሳብን የሚያስከትሉ መሰሉት። ስለዚህ የኬምብሪጁን ሊቅ ዊልያም ሂዩዌልን አማከረ። አኖድና ካቶድ የሚሉት ስሞች የወጡት ከዚህ ምክክር ነው፤ የመጀመሪያው በግሪክኛ ወደ ላይ የሚወጣ መንገድ፣ ሁለተኛው ወደ ታች የሚወርድ መንገድ ማለት ነው። ፋራዴይ እነዚህን የወደደበት ምክንያት ልብ ሊባል ይገባል። ስሞቹ አቅጣጫን ብቻ ይናገራሉ እንጂ በሽቦው ውስጥ የሚሄደው ነገር ምን እንደሆነ አይናገሩም። ስለ ነገሩ የነበረው ዕውቀት ብዙ ጊዜ ቢለዋወጥም ስሞቹ ሳይለወጡ የቀሩት በዚህ ጥንቃቄ ነው ለማለት ይቻላል።

የኤሌክትሮን ታሪክ ከዚህ ይለያል። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1891 ያወጣው የአየርላንዱ ተወላጅ ጆርጅ ጆንስቶን ስቶኒ ነው። ስቶኒ የሰየመው ግን ቅንጣትን ሳይሆን የኤሌክትሪክ ሙል ትንሹን መጠን፣ ማለትም አንድን መለኪያ ነበር። ጄ. ጄ. ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1897 የካቶድ ጨረር አሉታዊ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ጉዞ መሆኑን ሲያስረዳ ቅንጣቶቹን የጠራቸው ኤሌክትሮን ብሎ ሳይሆን በላቲን «ትንሽ አካል» የሚል ትርጉም ባለው ኮርፐስል በተባለ ቃል ነው። ኋላ የስቶኒ ቃል ከመለኪያው ወደ ቅንጣቱ ተዛወረ፤ የቶምሰን ቃል ግን ተረሳ። እንግዲህ ኤሌክትሮንን በሥሩ ልንተረጉም ብንነሣ የምናገኘው ሲታሽ ገለባ የሚስበውን፣ ግሪኮች በጌጥነት ይጠቀሙበት የነበረውን ቢጫ የደረቀ የዛፍ ሙጫ ነው። ይህ ለቃሉ ታሪክ ጠቃሚ ነው፤ ለቅንጣቱ ግን ምንም አይነግረንም። አማርኛ ቃሉን እንዳለ መቀበሉ ትክክል የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ከቶምሰን ሥራ ለርእሳችን በቀጥታ የሚያስፈልግ አንድ ነጥብ አለ። ሄንሪክ ኸርትዝ እ.ኤ.አ. በ1883 የካቶድ ጨረርን በሁለት ሙል ባላቸው ሰሌዳዎች መካከል ቢያሳልፈውም መንገዱ ሲታጠፍ አላየም። ቶምሰን ምክንያቱን በመሣሪያው ውስጥ በቀረው ጋዝ ላይ አገኘው። ጋዙ በጨረሩ የተነሣ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ይሆንና የሰሌዳዎቹን መስክ ይሸፍነዋል። አየሩ ይበልጥ ሲወጣ ጨረሩ ታጠፈ። የኤሌክትሪክ መስክ ኤሌክትሮንን ከመንገዱ እንደሚያጥፍ በዚህ ታወቀ፤ ከዚያ ወዲያ የተሠሩት የኤሌክትሮን መለያዎችም ሁሉ ከአየር ባዶ በሆነ ዕቃ ውስጥ የሚሠሩ ሆኑ።

2. የዳገት ዘዴ

የኤሌክትሮኖችን ኢነርጂ ለማወቅ በመጀመሪያ በሰፊው ያገለገለው ዘዴ ማጠፍ ሳይሆን ማገድ ነበር። ፊሊፕ ሌናርድ እ.ኤ.አ. በ1902 ብርሃን ከብረት ላይ የሚያወጣቸውን ኤሌክትሮኖች ሲመረምር፣ ጀምስ ፍራንክና ጉስታቭ ኸርትዝም እ.ኤ.አ. በ1914 ኤሌክትሮን ከሜርኩሪ አቶም ጋር ሲጋጭ 4.9 ኤሌክትሮን ቮልት እንደሚያጣ ሲያሳዩ በኤሌክትሮኖቹ ፊት የሚመልሳቸው የቮልቴጅ ልዩነት አኑረው ነበር።

ይህ አሠራር በዳገት ሊመሰል ይችላል። በቂ ኢነርጂ ያለው ኤሌክትሮን ዳገቱን ወጥቶ ያልፋል፤ ያነሰው ከመንገድ ይመለሳል። ተመራማሪው የዳገቱን ከፍታ በቮልቴጅ እየጨመረ ስንቱ እንዳለፈ ይቆጥራል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ሆኖም የሚሰጠው መልስ «ከዚህ በላይ ያላቸው ስንት ናቸው?» ለሚለው ጥያቄ እንጂ «ልክ ይህን ያህል ያላቸው ስንት ናቸው?» ለሚለው አይደለም። ሁለተኛውን ለማግኘት የተከታታይ ቆጠራዎችን ልዩነት ማስላት ያስፈልጋል፤ ጥቂት ኤሌክትሮኖች ከብዙዎች መካከል ሲፈለጉ ደግሞ ይህ ልዩነት በቆጠራው መዋዠቅ ውስጥ ይጠፋል።

3. የኩርባው ዘዴ፤ እ.ኤ.አ. 1929

አርተር ልዌሊን ሂዩዝና ቭላዲሚር ሮዣንስኪ እ.ኤ.አ. በ1929 በፊዚካል ሪቪው መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ ሌላ መንገድ አሳየ። አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጠ፣ መካከለኛ መስመራቸው አንድ የሆነ ሁለት ሲሊንደሮች እንውሰድ። የውስጠኛው አዎንታዊ፣ የውጪው አሉታዊ ይደረጋል። በመካከላቸው ባለው ክፍተት የገባ ኤሌክትሮን ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ፍጥነቱ ግን ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ያደርገዋል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ ኤሌክትሮኑ የክብ ቅስት ተከትሎ ይሄዳል። ፈጣኑ፣ በኩርባ ላይ እንደሚበር መኪና፣ ወደ ውጪው ግድግዳ ያመልጣል፤ ዘገምተኛው ወደ ውስጠኛው ይወድቃል። በኩርባው መጨረሻ ባለው ጠባብ ቀዳዳ የሚያልፈው መካከለኛው ብቻ ነው። ዳገቱ «ከዚህ በላይ» የሚለውን ሲለይ ኩርባው «ልክ ይህንን» ይለያል።

የሲሊንደር መስክ አንድ የተለየ ባሕርይ አለው። የመስኩ ብርታት ከመካከለኛው መስመር በራቀ መጠን በተገላቢጦሽ ይቀንሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ቢሆን ብርታቱ ግማሽ ይሆናል። በአንድ ዓይነት ፍጥነት በክብ ለመዞር የሚያስፈልገው ስበትም ሬዲየሱ እጥፍ ሲሆን እንዲሁ ግማሽ ይሆናል። ስለሆነም በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል በየትኛውም ሬዲየስ በክብ የሚዞር ኤሌክትሮን የኢነርጂው መጠን አንድ ነው። በሲሊንደሮቹ መካከል ሊኖር የሚገባው የቮልቴጅ ልዩነት የሚገኘው በኤሌክትሮን ቮልት የተለካውን የኤሌክትሮኑን ኢነርጂ በ2፣ ቀጥሎም በሁለቱ ሬዲየሶች ንጽጽር ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም በማባዛት ነው። ለምሳሌ የውስጠኛው ሬዲየስ 90 ሚሊሜትር፣ የውጪው 110 ሚሊሜትር ቢሆን 100 ኤሌክትሮን ቮልት ያለውን ኤሌክትሮን በክብ ለማዞር 40 ቮልት ያህል ይበቃል።

ሁለተኛው ባሕርይ የበለጠ የሚያስደንቅ ነው። ከመግቢያው ቀዳዳ የሚነሡ ኤሌክትሮኖች ሁሉ አቅጣጫቸው አንድ አይሆንም፤ ጥቂቶቹ ወደ ውጪ፣ ጥቂቶቹ ወደ ውስጥ ዘንበል ብለው ይነሣሉ። ወደ ውጪ ያዘነበለው ከክቡ ርቆ እንደገና ወደ ክቡ ይመለሳል፤ ወደ ውስጥ ያዘነበለውም እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱ ክቡን ዳግመኛ የሚያቋርጡበት ቦታ አንድ ሲሆን፣ ይኸውም 180 ዲግሪ ለ2 ዳግም ዘር ሲካፈል የሚገኘው 127 ዲግሪ ከ17 ደቂቃ ነው። መውጫው ቀዳዳ በዚህ ማዕዘን ላይ ከተደረገ ኢነርጂያቸው አንድ የሆነ ኤሌክትሮኖች፣ ሲነሡ ጥቂት ተበታትነው የነበሩ ቢሆኑም፣ በአንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ኢነርጂያቸው የተለየ ግን በዚያ ማዕዘን ላይ ከቦታው ፈቀቅ ይላሉ። ሬዲየሱ 100 ሚሊሜትር ከሆነ የኢነርጂ 1 በመቶ ልዩነት 1 ሚሊሜትር ያህል ፈቀቅ ያደርጋል። ቀዳዳዎቹ ጠባብ እንዲሆኑ የሚደረገው ስለዚህ ነው። ሂዩዝ ከማክሚለን ጋር ሆኖ በዚያው ዓመት ይህን በሙከራ አረጋገጠ።

የጉዞውን ስፋትና ጊዜ በቁጥር መግለጽ ነገሩን ያቀርበዋል። ባለ 100 ኤሌክትሮን ቮልቱ ኤሌክትሮን በሰከንድ 5,900 ኪሎሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህም ከብርሃን ፍጥነት 2 በመቶ ገደማ ነው። በጠቀስነው መሣሪያ ውስጥ የሚሄደው መንገድ 22 ሴንቲሜትር ሲሆን የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ ሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ 37 ጊዜ ያህሉ ነው። የምድር ስበት በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚያወርደው ርቀት ከአንድ አቶም ስፋት እጅግ ያነሰ ስለሆነ ከቁጥር አይገባም። የምድር መግነጢሳዊ መስክ ግን እንዲህ አይናቅም። ግማሽ ጋውስ የሆነ መስክ ይህን ኤሌክትሮን ሬዲየሱ 67 ሴንቲሜትር በሆነ ክብ ሊያዞረው ይችላል፤ ይህም በ22 ሴንቲሜትር መንገድ ላይ በሦስትና በአራት ሴንቲሜትር መካከል ያስተዋል። መሣሪያው ከኒኬልና ከብረት በተቀየጠ ማዕድን የሚሸፈነው ይህን ለመከላከል ነው። እንዲሁም በሲሊንደሮቹ ጫፍ ላይ መስኩ በድንገት ስለማያልቅ በጠርዙ በኩል የሚወጣውን መስክ ማስላት ያስፈልጋል፤ ሪቻርድ ኸርዞግ እ.ኤ.አ. በ1935 በዚህ ላይ ያወጣው ጥናት የታወቀ ነው።

መሣሪያው ጉድለት ነበረው። የሲሊንደሩ መስክ ኤሌክትሮኖችን የሚሰበስበው በክቡ ጠለል ብቻ ነው፤ በሲሊንደሩ ቁመት አቅጣጫ የሚሄደውን ፍጥነት አይነካውም። ኤድዋርድ ፐርሰል እ.ኤ.አ. በ1938 ሲሊንደሮቹን በሉል ክፍሎች ሲተካ ኤሌክትሮኖቹ በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚሰበሰቡ አስረዳ፤ በዚህ ጊዜ ግማሽ ሉል ላይ የመሰብሰቢያው ማዕዘን 180 ዲግሪ ይሆናል።

4. አንድ መሣሪያ፣ ሁለት ስም

በ1960ዎቹ ሲሊንደሩ በሌላ አኳኋን ተመለሰ። ምንጩ በመካከለኛው መስመር ላይ ይቀመጣል። ኤሌክትሮኖቹ በውስጠኛው ሲሊንደር ዙሪያ በተቀደደ ክፍተት ይወጣሉ፤ አሉታዊ በሆነው የውጪው ሲሊንደር ተገፍተው ይመለሳሉ፤ በሌላ ክፍተት ወደ ውስጥ ገብተው እንደገና በመካከለኛው መስመር ላይ ይገናኛሉ። ከመስመሩ በ42.3 ዲግሪ ሲነሡ አሰባሰባቸው እጅግ የጠራ ይሆናል፤ ከምንጩ እስከ መገናኛው ያለውም ርቀት የውስጠኛው ሬዲየስ 6 እጥፍ ያህል ነው። በዙሪያው ሁሉ የሚወጡትን ስለሚቀበል ከቀድሞው መሣሪያ እጅግ የበዙ ኤሌክትሮኖችን ያስተናግዳል።

ለቃላት ጥናት የሚጠቅመው ግን አሰያየሙ ነው። የሶቪየት ተመራማሪዎቹ ዛሽክቫራ፣ ኮርሱንስኪና ኮስማቼቭ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለዚህ አሠራር ሲጽፉ በርእሳቸው ላይ የሲሊንደር መስክ ያለው ኤሌክትሮስታቲክ መስታወት ብለው ጠሩት። ሳር ኤል በተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1967 የታተመው ጽሑፍ ደግሞ በርእሱ ሲሊንደራዊ ካፓሲተር አለው። የመጀመሪያው ስም የወጣው ኤሌክትሮኑ ከሚሆነው ነው፤ እንደ ብርሃን ተመትቶ ይመለሳልና። ሁለተኛው የወጣው ዕቃው ከሆነው ነው፤ ሁለት ሙል የያዙ ብረቶች ናቸውና። በዓለም የጸናው የመጀመሪያው ነው። ፓልምበርግ፣ ቦንና ትሬሲ እ.ኤ.አ. በ1969 መሣሪያውን የኦዤ ኤሌክትሮኖችን ለመመርመር ካዋሉት በኋላ የብረትና የሌሎች ጠጣሮች ገጽ ከምን ከምን ንጥረ ነገር እንደተሠራ ለማወቅ የሚያገለግል የተለመደ መሣሪያ ሆነ።

ይህን ስም «የሲሊንደር መስታወት» ብለን ብንመልሰው ግን አንባቢው ክብ መስታወት ይጠብቃል። በመሣሪያው ውስጥ መስታወት የለም፤ ኤሌክትሮኑም የሚመለሰው ገጽ ነክቶ ሳይሆን በባዶ ቦታ ቀስ በቀስ ታጥፎ ነው። ስለዚህ «ሲሊንደራዊ መላሽ» ማለት ይሻላል ብለን እናምናለን።

5. ፍጥነት ወይስ ኢነርጂ?

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ጉዳይ ይህ ነው። የሂዩዝና የሮዣንስኪ ጽሑፍ ርእስ የሚናገረው ስለ ኤሌክትሮኖች ፍጥነት ነው፤ ኋላ የጸናው ስያሜ ግን ስለ ኢነርጂ ይናገራል። ተርጓሚው ሁለቱን እንደ ተመሳሳይ ሊቆጥራቸው ይችላል። ለኤሌክትሮን ጉዳት የለውም፤ የኤሌክትሮኖች መጠነ ቁስ ሁሉ አንድ ስለሆነ የአንዱን ፍጥነት የሚያውቅ ኢነርጂውንም ያውቃል።

ይኸው መሣሪያ አዮኖችን ለመለየት ሲውል ግን ነገሩ ይለወጣል። የመታጠፉን መጠን የሚወስነው መጠነ ቁስ በፍጥነት ዳግም ርቢ ተባዝቶ ለሙል ሲካፈል የሚገኘው ነው። የሃይድሮጅን አዮንና መጠነ ቁሱ አራት እጥፍ ያህል የሆነ የሂሊየም አዮን ሙላቸውና ኢነርጂያቸው አንድ ከሆነ በአንድ መንገድ አልፈው በአንድ ቀዳዳ ይወጣሉ፤ የአንደኛው ፍጥነት ግን የሌላው እጥፍ ያህል ነው። መሣሪያውን «የፍጥነት መለያ» ብሎ የተረጎመ ሰው፣ ከዋናው ርእስ አንድ ፊደል ሳያጓድል፣ አንባቢውን አሳስቶታል። ከማግኔት መስክ ጋር ስናነጻጽረው ልዩነቱ ይበልጥ ይገለጣል፤ ማግኔት የሚለየው በመጠነ ቁስና በፍጥነት ብዜት ነው።

ቃሉም ራሱ ለዚህ ይመሰክራል። ቶማስ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1807 ባሳተማቸው ትምህርቶቹ ኢነርጂ የሚለውን ቃል ወደ ፊዚክስ ሲያገባ የሰየመው መጠነ ቁስ በፍጥነት ዳግም ርቢ ሲባዛ የሚገኘውን ነበር። በግማሽ ማካፈሉ ኋላ የጸና ነው። ሲሊንደሩ የሚለየው እንግዲህ ያንግ ቃሉን ያወጣለትን መጠን ነው።

በአማርኛ ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ ጉልበት፣ ኃይል፣ አቅም የሚሉት ቃላት ይቀርባሉ። በዕለት ንግግር የበሬ ጉልበት፣ የወንዝ ኃይል፣ የሰው አቅም እንላለን፤ የየቃሉም ድንበር ከሌላው ጋር ይደባለቃል። የሚስበው፣ የሚሠራውና በሰከንድ የሚሠራው ሦስት የተለያዩ መጠኖች በሆኑበት ጽሑፍ ውስጥ አንዱን ቃል ለሁለት መጠን መስጠት ይህን ከላይ ያየነውን ዓይነት ስሕተት ይጋብዛል። በዚህ ጽሑፍ ኢነርጂ የሚለውን እንዳለ የወሰድነው አማርኛ ቃል አጥቶ ሳይሆን ቃላቱ ስለበዙ ነው።

6. ለተርጓሚዎች የሚቀርቡ ሐሳቦች

የመሣሪያው ዋና ስም የሆነው የውጭ ቃል ሥሩ «መፍታት» ነው። «መተንተኛ» የሚለው አቻ ለሥሩ ታማኝ ቢሆንም መሣሪያው ኤሌክትሮንን አይተነትንም፤ አንዱን ከሌላው ይለያል። ስለዚህ ከመለየት የሚወጣውን ስም እንመርጣለን። «መለያ» ብቻውን ግን ምልክትን ወይም የስፖርት ቡድን ልብስን ስለሚያመለክት «ኢነርጂ መለያ» ተብሎ መጣመር አለበት። ያው መሣሪያ ከምርመራው በፊት ተቀምጦ አንድ ዓይነት ኢነርጂ ያላቸውን ብቻ ሲያሳልፍ በውጭ ቋንቋ «ባለ አንድ ቀለም» የሚል ትርጉም ያለው ሌላ ስም አለው። ኤሌክትሮን ቀለም ስለሌለው ይህን «ኢነርጂ መምረጫ» ማለት ይበቃል። በተመሳሳይ ምክንያት ኅብረ ቀለም ለብርሃን ይቆይ፤ ለኤሌክትሮን «የኢነርጂ ስርጭት» ይባል።

ጨረር የሚሰበሰብበትን ነጥብ በተመለከተ ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1604 ለዚህ የመረጠው የላቲን ቃል ትርጉሙ ምድጃ ነው፤ የፀሐይ ጨረር በሌንስ ተሰብስቦ የሚያቃጥልበት ቦታ ነውና። በአማርኛ «ትኩረት» የሚለው የልቡናን ሥራ ስለሚያመለክት ለ127 ዲግሪው ነጥብ አይስማማም። «መሰብሰቢያ ነጥብ» የሚለው ግን የተበተኑት ኤሌክትሮኖች የሚያደርጉትን በቀጥታ ይናገራል። እንዲሁም የሚያግደውን ዘዴ «አጋጅ መስክ»፣ የሚያጥፈውን «አጣፊ መስክ» ብሎ መለየት ሁለቱ የሚሰጡት መልስ የተለያየ መሆኑን ለአንባቢው ያስታውሳል።

ሂዩዌል ለፋራዴይ ያቀረባቸው ስሞች የጸኑት ከሚታወቀው በላይ ስላልተናገሩ ነው። መስታወት የሚለው ምሳሌና ፍጥነት የሚለው ርእስ በተወለዱበት ቋንቋ ልምድ ጠብቋቸዋል፤ ወደ አማርኛ ሲሻገሩ ግን ያ ልምድ አብሯቸው አይሻገርም። ተርጓሚው ከቃሉ ወደ ቃል ከመሄዱ በፊት ከቃሉ ወደ ነገሩ፣ ከነገሩም ወደ አማርኛ ቢሄድ መንገዱ ይረዝምበታል፤ የሚደርስበት ቦታ ግን ትክክለኛው ይሆናል።